ለኢንተርቪው ከነጠበቃዬ

እኛ አገር ጥያቄ በነፃ አይጠየቅም። «ወዴት ነህ?» ያለህ ሰው ካለ መልሱ «እዚሁ ነኝ» ነው። ስንቅህን ቋጥረህ የሁለት ቀን መንገድ ጀምረህ ብትሆንም እዚሁ ነህ። «ላምህ ወለደች ወይ?» ቢልህ፣ ጥጃዋ ከኋላህ እየጮኸች እንኳ ቢሆን «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ትላለህ። ክፋት አይምሰላችሁ። ጠያቂው ለምን እንደጠየቀ ሳይታወቅ መልስ መስጠት እኛ ዘንድ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ያሳደጉን ሰዎች ብዙ ነገር ላያስተምሩን ይችላሉ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ግን ከጡት ጋር አጥብተውናል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕዝብ መካከል ያደገ አንድ ምስኪን የጎጃም የሉማሜ ልጅ፣ ማለትም እኔ፣ ሥራዬ ብለው ሊጠይቁት ከተሰበሰቡ ሰዎች ፊት ሊቀመጥ ነው ሲባል ምን እንደደረሰበት ላጫውታችሁ ነው። ለምን እንደማጫውታችሁ ግን አትጠይቁኝ።

አምና ደብረ ማርቆስ የሲቪል ምሕንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አራተኛ ዓመት ላይ ኢንተርንሺፕ የሚሉት የተግባር ልምምድ አለ። ተማሪው ራሱ ድርጅት ፈልጎ፣ «ተቀብለነዋል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለትምህርት ክፍሉ ማስገባት አለበት። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ ካለፈ ልጁ እስከሚቀጥለው ዓመት ቁጭ ይላል፤ ጓደኞቹ ይመረቃሉ፣ እሱ ፎቶ ያነሣቸዋል።

መቆየቱ ለእኔ ብዙም አልነበረም። ጭንቁ እናቴ ናት። እናቴ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «ኢንጂነሩ» እያለች ነው የምትጠራኝ። በሌላ በሌላው ነገር እሷም ያገሯ ሰው ናት፤ ዶሮዋ ስንት እንቁላል እንደታቀፈች እንኳ ከአፏ አይወጣም። «ልጅሽ መቼ ይመረቃል?» ሲሏት ግን ወሩን ቆጥራ ትናገራለች፣ ሳይጠይቋትም ትናገራለች። በዕድሜዋ ጥርጣሬዋን የጣለችው በዚች አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔን አምና ነው። አንድ ዓመት ዘገየሁ ብዬ በየት በኩል ነው የማያት? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ፤ እውነቴን ነው፣ ከሳሁ።

ዘጠኝ ድርጅት አመልክቼ ነበር። ስምንቱ ቦታ የለንም አሉ። ዘጠነኛው ዝም አለ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ተስፋ ቆርጬ ካልሲዬን ሳጥብ፣ የማላውቀው ስልክ ጠራ።

«ከመንገድ ሥራ ተቋራጩ ነው የምደውለው። ለኢንተርንሺፕ አመልክተህ ነበር?» አለች አንዲት ሴት።

አንድ ሰው ለወራት የጠበቀው ጥሪ ሲመጣ «አዎ እመቤቴ!» ብሎ ይዘላል አይደል? የኔ አፍ ግን የሉማሜ አፍ ነው።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት። ሌባ ትሆናለች ብዬ ስለጠረጠርኩ አንቱ ማለቱን ተውኩት፤ ሌባ አንቱ አይባልም።

«ማመልከቻህ እጄ ላይ ነው።»

«ስልኬንስ ከየት አገኘሽው?»

«ማመልከቻህ ላይ ጽፈኸዋል።»

«እሺ፣ ስሜን እንዴት አወቅሽ?»

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ለኢንተርቪው ትቀርባለህ» ብላ ዘጋችው።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን ሙሉቀንን ቀሰቀስኩት። ሙሉቀን ቦታ ካገኘ ወር ያለፈው፣ ከዚያ ወዲህ ሥራው መተኛት ብቻ የሆነ ልጅ ነው። ነገሩን ስነግረው ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ «ዕጣ ወጥቶልሃል ብለው የሚደውሉትም አጀማመራቸው እንዲሁ ነው» አለኝ። የሱን ስልክ ተቀብዬ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ ቁጥሩን መልሼ ደወልኩት።

«ይቅርታ፣ ወፍጮ ቤት ነው?» አልኩ።

«አይ፣ የመንገድ ሥራ ድርጅት ነው» አለች፤ ያችው ሴት ናት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኧረ በሥራዬ አትቀልዱብኝ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እውነተኛ ድርጅት ነው ማለት ነው። ወይም በጣም የተደራጀ ሌባ ነው።

ሙሉቀን ሲያዝንልኝ በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከልኝ፤ «በኢንተርቪው የሚጠየቁ ሃምሳ ጥያቄዎች» ይላል። እሱን ይዤ፣ በዚያው ዕለት ደህና ሸሚዜን ላመጣ ወደ ሉማሜ ወረድኩ። ሸሚዙን ብቻ ይዤ ብመለስ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

እቤት ስደርስ አያ ይርጋ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አያ ይርጋ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በአንድ ቁራሽ መሬት ጉዳይ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሱ ሰው ናቸው። ከቀበሌ ሽማግሌ ጀምሮ እስከ ላይኛው ችሎት ያልቆሙበት የለም። ዳኞች ተሾሙ፣ ተዛወሩ፣ ጡረታ ወጡ፤ አያ ይርጋ አሁንም ቀጠሮ አላቸው። ሕግ አልተማሩም፤ ነገር ግን ሰፈራችን ውስጥ ክስ የመጣበት ሰው ጠበቃ ዘንድ ከመሄዱ በፊት እሳቸው ዘንድ መጥቶ አፉን ያስተካክላል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እያሉ ያስጠኑታል።

እናቴ «ኢንጂነሩን ሐሙስ ሊጠይቁት ጠርተውታል» ብላ አበሠረቻቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ምን አድርጎ?»

«ኧረ ለሥራ ነው አያ!»

«ሥራ የሚሰጥ ሰው ሥራ ይሰጣል እንጂ ምን ይጠይቃል?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ሆነው ነው የሚጠይቁህ?»

«አላውቅም።»

«ምስክር ይቆጥራሉ?»

«አይመስለኝም።»

«አይመስለኝም ማለት ምን ማለት ነው? ሊጠይቁህ የተዘጋጁበትን ነገር አታውቀውም?»

በየዋህነቴ የሙሉቀንን ፋይል ከስልኬ አነበብኩላቸው። ሃምሳውን ጥያቄ በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ስጨርስ ጋቢያቸውን አስተካክለው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ልጄ» አሉ፣ «ከባድ ነገር ውስጥ ነህ።»

በማግሥቱ ረቡዕ፣ ከቁርስ በኋላ ልምምዱ ተጀመረ። እሳቸው መደቡ ላይ ጉብ ብለው ኢንጂነር ሆኑ፤ እኔ በርጩማ ላይ ተከሳሽ ሆንኩ። እናቴ ምስር እየለቀመች ችሎቱን ትታዘባለች።

«ስምህ ማነው?» አሉ ድምፃቸውን ቀይረው።

ስሜን ተናገርኩ።

«ወደቅህ!»

«እንዴ! ስሜን ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትክም፣ ቸኮልክ። ስምህ ማመልከቻው ላይ ተጽፏል አላልክም? የተጻፈን ነገር ለምን ይጠይቃል? አንዱን ከአንዱ ሊያጣላብህ ነው። ‹በማመልከቻዬ እንደገለጽኩት› በል። ቀጥሎ። ስለ ራስህ ንገረን።»

«እኔ የተወለድኩት…»

«ተው! ተው! ተው!» ሁለት እጃቸውን አነሡ። «ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ለንስሐ አባቱ ነው፣ እሱም ቆቡን አይቶ። እነዚህ ሰዎች መስቀል ይዘዋል?»

«አልያዙም።»

«እንግዲያው አትናዘዝ። ቀጥሎ፣ ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?»

ይሄን እንኳ እኔም አውቄው ነበር። ራሱን የሚያመሰግን ሰው እኛ አገር ከፈረስ ሌባ እኩል ነው የሚታየው። «እሱን ጎረቤት ይናገር» አልኩ። አያ ይርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ደስ አለኝ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ?» ብዬ ቀጣዩን ራሴው አነበብኩላቸው።

«ምን? እሱን የሚያውቅ አንድ ፈጣሪ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ወይ ጠንቋይ ነው ወይ ጠንቋይ ቤት ይሄዳል። አትመልስ፣ አማትብ።»

ከሁሉ የከፋው ሃያ ሦስተኛው ሆነ። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ይላል።

አያ ይርጋ ደግመው አስነበቡኝ። እናቴም ምስሯን ተወችው።

«ሠላሳ ዓመት ተሟግቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ደም የተቃባሁት ሰው ችሎት ላይ ጠይቆኛል፤ እሱ እንኳ እንዲህ አድርጎ ፊት ለፊት ጠይቆኝ አያውቅም። የት ጋ ልምታህ ማለቱ እኮ ነው! ይህን ሲልህ ‹ያየ ካለ ቀርቦ ይመስክር› በለው፣ አፉ ይያዛል።»

እናቴ በዚህ ጊዜ አላስቻላትም። «ኧረ እባክዎ አያ! ልጄን ሥራ ይላኩልኝ እንጂ ወህኒ አይላኩብኝ!»

«አንቺ ዝም በይ። ልጁን ብቻውን አልሰደውም፤ ነገ እኔም እቀርባለሁ።»

እኔ ደግሞ ተምሬያለሁ የምለው ሰው፣ እሳቸው ከመጡ የባሰ እንደሚበላሽ እያወቅሁ፣ ውስጤ ግን ደስ አለው። ምን ልበላችሁ፣ ፈርቼ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ጨዋ ሰው ከሸሚዜ ንጣት ጠርጥሮ ነው መሰለኝ «ለፈተና ነው?» አለኝ። አያ ይርጋ በመሐላችን ጎንበስ ብለው «ዘመድ ልንጠይቅ ነው» አሉት። «የት ሰፈር?» አለ ሰውየው። «እዚያው» አሉ። ማርቆስ እስክንደርስ እሱም የት እንደሚወርድ አልነገረንም።

የድርጅቱ ቢሮ በር ላይ አንድ ጠና ያሉ ዘበኛ ነበሩ። አያ ይርጋ «አንተ እዚህ ቁም፣ የነዚህን ሰዎች ነገር ከሥሩ ላጣራ» ብለው ወደ ዘበኛው ቀረቡ። ዘር ሳይጠይቁ ልጅ አይድሩም፤ ሥራም ቢሆን ለሳቸው ያው ነው። የጠፋቸው ነገር ቢኖር ዘበኛውም የጎጃም ሰው መሆናቸው ነው።

«ደህና አደሩ?» አሉ አያ ይርጋ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ፈለጉ?»

«ምንም። እዚህ ቤት ምን ይሠራል?»

«ምን ይሠራል ብለው ነው?»

«መንገድ ይሠራሉ ሲሉ ሰምቼ።»

«ማን አለ?»

«ሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«እንዲያው ሲወራ። ባለቤቱ ያገር ሰው ነው?»

«አገሩን ያወቁት ይመስላሉ እኮ።»

«ከየት አውቀው ብዬ?»

«ታዲያ ባያውቁት ለምን ይጠይቃሉ?»

ሁለቱም ዱላቸውን ተመርኩዘው ተያዩ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አንዱም ለአንዱ አንዲት ፍሬ ነገር ሳይሰጥ ተጠያየቁ። መጨረሻ ላይ ዘበኛው ከጥበቃ ቤቱ አግዳሚ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አያ ይርጋ ጠቀሱኝና በሹክሹክታ «ደህና ቤት ነው፣ ዘበኛቸው አፉን ይጠብቃል፤ ግባ» አሉኝ።

ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዷ የደወለችልኝ ሴት ናት፤ ድምፅዋን ሰምቼ ለየኋት። ኢንጂነር ትዕግስት ትባላለች፣ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። በስልክ ሌባ ናት ብዬ አንቺ ያልኳት ሴት እቺ ናት እንግዲህ። አጠገቧ አንድ ሽበታም ሰውዬ ብዕር ይዘው ተቀምጠዋል። አይናገሩም፣ ይጽፋሉ ብቻ። ምን እንደሚጽፉ ለማየት አንገቴን ሰገግ አደረግሁ፤ ወረቀቱን በእጃቸው ከለሉት።

«እንኳን ደህና መጣህ። መንገድ እንዴት ነበር?» አለች።

እነዚህ መንገድ ሠሪዎች ናቸው። ጥሩ ነው ብል፣ መንገዱን የሠራው ተፎካካሪያቸው ቢሆንስ? መጥፎ ነው ብል፣ ራሳቸው ሠርተውት ቢሆንስ?

«የትኛው መንገድ?» አልኩ።

ሽበታሙ ሰውዬ ጻፉ።

«ከሉማሜ ነው የመጣኸው አይደል?»

«በማመልከቻዬ እንደገለጽኩት ነው።»

ጻፉ።

«እሺ፣ ስለ ራስህ ትንሽ ንገረን።»

«ከየት ጀምሬ?»

«ከፈለግከው።»

ከፈለግከው! ወጥመዱ ሰፊ ነው። «በጽሑፍ ባቀርብ ይሻለኛል» አልኩ።

«ለምን የኛን ድርጅት መረጥክ?»

«እኔ ምን መረጥኩ? እናንተ ናችሁ የደወላችሁት።»

«ድክመትህስ ምንድን ነው?»

ይቺን ስጠብቃት ነው ያደርኩት። «ያየ ካለ ቀርቦ ይመስክር!» አልኩና ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ።

ኢንጂነር ትዕግስት ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሽበታሙ ሰውዬ እንኳ መጻፍ አቆሙ። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ነገ ዓርብ ነው። ዘጠነኛው ድርጅት ይህ ነው፣ አሥረኛ የለም። እናቴ ወሩን ቆጥራ ለሰፈሩ ሁሉ ስትናገር ታየችኝ። ተንበርክኬ «ይማሩኝ፣ ያስጠኑኝ ሰው አሉ፣ በር ላይ ተቀምጠዋል» ልላት ምንም አልቀረኝም።

እሷ ግን ወደ ሽበታሙ ሰውዬ ዞረች። «አዩልኝ? አዩልኝ ጋሼ? ራሳቸው ናቸው! ቁርጥ እነሱን!»

እንደሰደበችኝ ነው የቆጠርኩት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ወደ ደብረ ኤልያስ በኩል የገጠር መንገድ እየሠራን ነው። ከመንገዱ ሥር የሚቀበረው የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ምን ያህል ይስፋ ለማለት፣ የክረምቱ ጎርፍ እስከየት እንደሚሞላ ማወቅ አለብኝ። እሱን የሚያውቀው ደግሞ እዚያው ያለ ገበሬ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየዞርኩ ‹ጎርፉ እስከየት ይደርሳል?› ብዬ ጠየቅሁ። ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?»

«‹የቱ ጎርፍ?› አሉዎት» አልኩ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ሌላ ምን ይላሉ? መሬቱን ልትወስዱት መስሏቸው ነዋ።»

«እኔ እኮ ለነሱ ብዬ ነው! ቱቦው ከጠበበ ውሃው መንገዱን ሰብሮ ማሳቸው ውስጥ ነው የሚገባው።» ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ ያለ መሰለኝ። «ከኔ በፊት የላክናቸው ሁለት ልጆችም ባዶ ወረቀት ይዘው ነው የተመለሱት።»

«ኧረ እየጠየቁዋቸው እንዴት ይነግሩዎታል?» አመለጠኝ። ወዲያው አፌን ያዝኩ፤ ግን አንዴ አምልጧል።

«ታዲያ ሳልጠይቅ እንዴት ልወቅ?»

እዚህ ላይ የአያ ይርጋ ትምህርት ከነሃምሳ ጥያቄው ጥሎኝ ጠፋ። የማውቀውን ነገር ሲበላሽ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። «አይጠየቅም!» አልኳት። «መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው መዘግየት ያወራሉ። ቡቃያው ደህና ነው አይበሉ፣ ዓይን ነው። ከዚያ እንዲያው በአጋጣሚ ወንዙን አየት ያደርጉና ‹ይችማ ምኗ ወንዝ ነው፣ በሐምሌም ቁርጭምጭሚት አታልፍ› ይበሉ። በቃ። ሰውየው ይናደዳል። ብድግ ብሎ ዱላውን ይዞ እየመራዎት ሄዶ እስከየት እንደምትሞላ ያሳይዎታል። በሬ የወሰደችበትን ቦታ ሳይቀር ያሳይዎታል። እኛ ጥያቄ አንመልስም እንጂ፣ ስሕተት ሰምተን ማለፍ አንችልም።»

ሽበታሙ ሰውዬ ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «እውነቱን ነው፤ አባቴም እንደዚያ ነበሩ» አሉ፣ ከዚያ እንደገና ጻፉ።

«ከሰኞ ጀምሮ ከኛ ጋር መስክ ትወጣለህ» አለች ኢንጂነር ትዕግስት።

እመኑኝ፣ ደስታዬ ግማሽ ደቂቃ አልቆየም። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ እጄን ስዘረጋ ሌላ ወረቀት አስከተለች። መስክ ስወጣ ሌቭል የሚሉትን የከፍታ መለኪያ መሣሪያ እኔ ነኝ የምይዘው። ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ኃላፊነት የሚወስድ ዋስ ይፈርምልኝ ዘንድ ግድ ነው። «ነገ እኛ መስክ ስለምንወጣ ዛሬ ይለቅ፤ ካልሆነ ለቀጣዩ ልጅ እደውላለሁ» አለችኝ። ቃሏ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ደንቡ ነው።

ማርቆስ ውስጥ ዋስ ይሆነኛል የምለው ሰው አንድ ነው፤ እሳቸውም በር ላይ ከዘበኛው ጋር ተቀምጠዋል።

የአያ ይርጋ የሠላሳ ዓመት ክርክር ከየት እንደመጣ እናቴ አንድ ቀን ነግራኝ ነበር። ጎልማሳ ሳሉ አብሯቸው ያደገ የአጎታቸው ልጅ ወረቀት ይዞ መጣ። «የምስክርነት ነው፣ ጣትህን አኑርልኝ» አላቸው። ያን ጊዜ ፊደል አያውቁም ነበር። «አንብብልኝ» አሉት፤ አነበበላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አኖሩ። ወረቀቱ ግን እሱ እንዳነበበው አልነበረም፤ መሬታቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ በዚያ ዕድሜያቸው ከልጆች ጋር ተቀምጠው ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ከተማሩ ወዲህ ግን ከክስ ማመልከቻ በቀር አንድም ወረቀት ላይ ፈርመው አያውቁም። የዕድሩ መዝገብ ላይ እንኳ እናቴ ናት የምትፈርምላቸው።

ይህን እያወቅሁ ነው የጠራኋቸው። «አያ፣ ተቀብለውኛል። ግን ዋስ ይፈርም አሉ።»

ተነሥተው ተከተሉኝ። ገብተው እጅ ነሡ፤ ተቀመጡ። ወረቀቱን ኢንጂነሯ አቀረበችላቸው። አገላብጠው አዩት። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ ጠራረጉት፣ ዓይናቸው ላይ አደረጉት። እኔ ቆሜ ስንት ጥያቄ እንደሚመጣ እቆጥራለሁ። ይህ አንቀጽ ምን ማለት ነው ይላሉ፤ ማን ጻፈው ይላሉ፤ ቀጠሮ ይሰጠኝ፣ አስቤበት ልመለስ ይላሉ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ዓርብ ይመጣል፣ ያልፋል።

አያ ይርጋ መነጽራቸውን መልሰው አወለቁት።

«መሣሪያው የታለ?» አሉ።

ኢንጂነሯ ጥግ ላይ ያለውን ሳጥን ከፍታ አሳየቻቸው። በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ትንሽ ያዙት፤ ክብደቱን ለኩ፣ መስታወቱን አዩ። በቦታው መለሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ትጥለዋለህ?»

«አልጥለውም» አልኩ።

ብዕሩን ተቀብለው ስማቸውን እስከ አያታቸው ጻፉ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ አንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው ይመስላል።

ደብዳቤውን አብረን ወስደን ለትምህርት ክፍሉ አስገባነው። እሳቸው እዚያ ላይ ተመልሰው ያው አያ ይርጋ ሆኑ። «ገቢ የተደረገበት ማኅተም ይመታበት፣ ቅጂው ይሰጠን፣ የተቀበለችው ልጅ ስሟ ማነው?» እያሉ ጸሐፊዋን አስጨነቋት። እኔ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። መናኸሪያ አድርሻቸው፣ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ከተቀመጡ በኋላ አልቻልኩም፤ ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ወረቀቱን እኮ አላነበቡትም።»

ፊታቸውን ወደ ፊት እንዳደረጉ መለሱልኝ።

«ባነበው ኖሮ መች እፈርም ነበር?»